ድንበሩ አደባባዩን ሰንጥቆ ያልፋል፦ የ1947ቱ የፓሪስ ውል ጎሪዚያን ለሁለት የከፈለው እንዴት ነው?

የጎሪዚያዋ (እሁድ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ጎሪዚያ ነው፤ ጣሊያን፣ ስሎቬኒያ ድንበር ጥግ። ሥራዬ ባዳንቴ ነው። የ92 ዓመት እናት እንከባከባለሁ። ዛሬ ፀሐይ ስለወጣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ይዣቸው ወጣሁ። «ወደ ጣቢያው ውሰጂኝ» አሉኝ።

ጣቢያው የድሮው የትራንስአልፒና ባቡር ጣቢያ ነው። ኦስትሪያ በ1906 የሠራችው ትልቅ ሕንጻ ነው። ሕንጻው ያለው ስሎቬኒያ ውስጥ፣ ኖቫ ጎሪጻ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። መሃሉ ላይ መሬት ላይ የተነጠፈ ክብ ምልክት አለ። አንድ እግር ጣሊያን፣ አንድ እግር ስሎቬኒያ አድርጎ ፎቶ የሚነሳው ሰው ብዛቱ! እስከ 2004 ድረስ ግን እዚያ ቦታ ላይ አጥር ነበር።

ሲኞራዬ ክቡ ምልክት ላይ አቁሚኝ አሉኝና ዝም አሉ። ቆይተው ሲናገሩ፣ «አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቤታችን እዚህ ቀረ። የአባቴ ወይን ቦታ እዚያ ቀረ። የአያቴ መቃብር ደግሞ ሚረን መንደር ነው፤ በመቃብሩ መሃል ሽቦ ተዘረጋ» አሉኝ። የእናታቸው ቋንቋ ስሎቬንኛ፣ የአባታቸው ጣሊያንኛ ነበር። የትኛው ወገን ነዎት ብዬ መጠየቅ ከበደኝ።

ማታ እሳቸውን ካስተኛሁ በኋላ ትንሽ አነበብኩ። ድንበሩ የመጣው ጣሊያን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 ፓሪስ ላይ በፈረመችው የሰላም ውል ነው። የኛም አገር ስም እዚያው ውል ውስጥ አለ። ሥራዬ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። መስመሩን ማን ተቀምጦ አሠመረው? ጣቢያን ከገዛ አደባባዩ፣ መቃብርን ከመቃብር የሚለይ መስመር እንዴት ይሠመራል? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ካርታ ወዳድ

እህቴ፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ረዘም ይላል። (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች ነው።)

ጎሪዚያ የጣሊያንም የቆየ ይዞታ አልነበረችም። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበረች። ኢሶንዞ ወንዝ ላይ ጣሊያንና ኦስትሪያ ከ1915 እስከ 1917 ድረስ አሥራ ሁለት ጊዜ ተዋግተዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1919ኙ የሳን ዠርማን ውልና በ1920ው የራፓሎ ውል ጣሊያን ጎሪዚያን፣ ትሪየስቴን፣ ኢስትሪያን ወሰደች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስሎቬኖችና ክሮአቶችም አብረው ጣሊያን ውስጥ ገቡ። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። የቤተሰብ ስማቸውን ሳይቀር ወደ ጣሊያንኛ ቀየሩባቸው። ይህን ዘለን 1947 ላይ ከጀመርን የአንድ ወገን እንባ ብቻ ነው የምናየው።

በ1941 ጣሊያን ከጀርመን ጋር ሆና ዩጎዝላቪያን ወረረች (የዛሬዋ ስሎቬኒያ ያኔ የዩጎዝላቪያ አካል ነበረች)። በሜይ 1945 ደግሞ የዩጎዝላቪያው መሪ የቲቶ ጦር ትሪየስቴና ጎሪዚያ ገባ። 40 ቀን ያህል ቆየ። በጁን ወጥቶ ከተሞቹን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ጦር አስረከበ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በሴፕቴምበር 1945 ለንደን ላይ አንድ መርህ ተስማሙ። ድንበሩ በዋናነት ሕዝቡ የሚናገረውን ቋንቋ ይከተል፣ በባዕድ አገዛዝ ሥር የሚቀረው ሰው በተቻለ መጠን ይነስ አሉ። በማርች 1946 ከአራቱም አገር የተውጣጡ ባለሙያዎች ቦታው ድረስ ሄዱ። ከመንደር መንደር ዞሩ። የተመለሱት ግን አራት የተለያየ መስመር ይዘው ነው።

የሶቪየቱ መስመር ወደ ምዕራብ በጣም ገፋ፤ ትሪየስቴም ጎሪዚያም ለዩጎዝላቪያ። የአሜሪካው ወደ ምሥራቅ ገፋ፤ ኢስትሪያ ጫፍ ያለችው የፖላ ከተማ ሳትቀር ለጣሊያን። የእንግሊዙ ለአሜሪካው የቀረበ ነበር። የፈረንሳዩ መሃል ላይ አረፈ። የፈረንሳዩ ሐሳብ በሁለቱም በኩል የሚቀረው የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ቁጥሩ ይመጣጠን የሚል ነበር። በጁላይ 1946 እሱ ጸደቀ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የሄዱበት መንደር አንድ ነው። የሰሙት ቋንቋ አንድ ነው። መስመሩ የተለያየው ላኪው ስለተለያየ ነው።

ትሪየስቴ ላይ ግን መስማማት አልቻሉም። ስለዚህ «የትሪየስቴ ነጻ ግዛት» የሚባል አዲስ አገር ፈጠሩ። ገዢውን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ይሹምለት ተባለ። ምክር ቤቱም አልተስማማ፤ ገዢ ሳይሾም ቀረ። በ1954 ለንደን ላይ ከተማዋ ለጣሊያን፣ ደቡቡ ለዩጎዝላቪያ ሆኖ ተከፈለ። የመጨረሻ ፊርማው የመጣው ግን በ1975 በኦዚሞ ውል ነው። ጦርነቱ ካበቃ 30 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

ካርታ ወዳድ፣ እናመሰግናለን። ግን ለምን ሕዝቡን አልጠየቁትም? ድምፅ ይስጥ ማለት አይቀልም ነበር? እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ «የሕዝቦች የራስን ዕድል በራስ መወሰን» ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ዋና መርህ ሆነ ብለው አስተምረውናል።

---

ካርታ ወዳድ

ወንድሜ፣ የተጠየቀበት ቦታ አለ። ግን ጥቂት ነው። የሚጠየቀውም ኃያላኑ ራሳቸው እርግጠኛ ያልሆኑበት ቦታ ሲሆን ነው።

ሽሌስቪግን ውሰድ። በ1920 በሁለት ቀጠና ከፍለው ድምፅ አሰጡት። ሰሜኑ ሦስት አራተኛው ዴንማርክ አለ። ቀጣዩ ቀጠና 80 ከመቶው ጀርመን አለ። ድንበሩ በሁለቱ መሃል ተሠመረ፤ እስከ ዛሬም አለ። ሂትለር በ1940 ዴንማርክን ሲይዝ እንኳ ያንን መስመር አልቀየረውም።

ለጎሪዚያ የሚቀርበው ደግሞ ካሪንቲያ ነው፤ በተራራው ማዶ። በኦክቶበር 1920 ኦስትሪያ ወይስ ዩጎዝላቪያ ተብሎ ተጠየቀ። ድምፅ የተሰጠበት ቀጠና ነዋሪው አብዛኛው ስሎቬንኛ ተናጋሪ ነው። ውጤቱ 59 ከመቶ ኦስትሪያ ሆነ! ብዙ ስሎቬንኛ ተናጋሪ ገበሬ ገበያዬ፣ መንገዴ፣ ኑሮዬ ወደ ሰሜን ነው ብሎ ኦስትሪያን መረጠ ማለት ነው። ቋንቋ ቆጥሮ ድንበር የሚያሠምር ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ጎሪዚያ አካባቢም ሐሳቡ ተነስቶ ነበር። በ1946 አሜሪካኖቹ በነሱና በሶቪየት መስመር መካከል ያለው ሕዝብ ይጠየቅ አሉ። ሶቪየቶች እምቢ አሉ። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ደ ጋስፔሪም ቢሆን ሕዝበ ውሳኔውን አጥብቆ አልገፋበትም። እዚህ ሕዝቡ ይጠየቅ ካለ ጀርመንኛ ተናጋሪው ደቡብ ቲሮልም ይጠየቅ ይባላል። ደቡብ ቲሮልን ማጣት አልፈለገም። መርህ ማለት እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ ስትጠቀምበት ሌላ ቦታ ያስከፍልሃል።

---

ቀያሹ

ልጆቼ፣ እኔ 31 ዓመት ቅየሳ ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፖለቲካውን ለናንተ ልተው። ስለ መስመሩ ራሱ ግን ልናገር።

ድንበር ሁለት ጊዜ ነው የሚሠመረው። አንዴ በቃልና በካርታ፣ ውሉ ላይ። ሁለተኛ መሬት ላይ፣ በችካልና በድንጋይ። ይህ ሁለተኛው ነው ማካለል የሚባለው። ቃሉን አገራችን ሁሉ የለመደው ከ2000ው የአልጀርስ ስምምነት በኋላ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ኮሚሽን በኤፕሪል 2002 ውሳኔውን ሰጠ። የመሬቱ ሥራ ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ2007 ኮሚሽኑ ነጥቦቹን በቁጥር ካርታ ላይ አስቀምጦ ተሰናበተ። ስለዚህ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ እናውቃለን።

አሁን ይህን ሒሳብ አብራችሁኝ ሥሩ። ካርታው አንድ መቶ ሺኛ ነው እንበል። እርሳሱ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ያ የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 50 ሜትር ይሸፍናል። ጎዳና ስንት ሜትር ነው? አሥር፣ አሥራ አምስት። ቤት ስንት ነው? ፓሪስ ላይ የተሠመረው የእርሳስ መስመር ውፍረቱ ብቻ ቤት፣ ግቢና ጎዳና ይውጣል ማለት ነው። ሚኒስትሮቹ ቤቱን አላዩትም። ቤቱን የሚያየው ችካል ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ነው።

የውሉ ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር። አምስተኛውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡት። የሁለቱ አገሮች ኮሚሽን መሬት ላይ ሲወርድ ከተጻፈው መስመር እስከ ግማሽ ኪሎሜትር መውጣት ይችላል ይላል። ለአካባቢው አቀማመጥና ለሰዉ ኑሮ እንዲስማማ ነው። ገደብም አለው። ከ500 ሰው በላይ የሚኖርበት መንደር ወደ ሌላ አገር አይዞርም። ዋና የባቡር ሐዲድ፣ ዋና መንገድ፣ ትልቅ የውኃና የመብራት ምንጭም አይዞርም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 500 ሰው ያለው መንደር ጥበቃ አለው። 40 ሰው ያለው መንደር የለውም። የአንድ ሰው ወይን ቦታማ ከነጭራሹ አይነሳም። የሲኞራዋ አባት መሬት የጠፋው በዚህ መሃል ነው። ማንም በክፋት አስቦበት ላይሆን ይችላል። ለሱ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አልተጻፈለትም፤ በቃ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ወረዳ የሁለት ቀበሌ ወሰን ስናካልል አንዲት እናት ጓሮአቸው ላይ ችካል ስተክል መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይቺን ባሕር ዛፍ ወዴት አደረግሃት?» ብቻ አሉኝ። ስንት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

---

የጎሪዚያዋ

ጋሼ ቀያሹ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለሲኞራዬ በጣሊያንኛ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። የባሕር ዛፏ ጋ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

ስለ ውኃውም ነገሩኝ። ጎሪዚያ የምትጠጣው ውኃ የሚመነጨው ዩጎዝላቪያ በገባው በኩል ነበር። ውሉ ላይ ለብቻው አባሪ ተጽፎለታል። ዩጎዝላቪያ ምንጮቹን ጠብቃ ውኃውን ለጣሊያኑ ጎሪዚያ ትሰጣለች፣ ጣሊያን ዋጋውን ትከፍላለች ይላል። «ውኃው ሳይጠየቅ ይሻገር ነበር፣ እኛ ግን አንችልም» አሉኝ።

ከዚያ ደግሞ የመጥረጊያዋን እሁድ አወሩልኝ። ኦገስት 13 ቀን 1950 ነው። በዚያ ማዶ ያሉ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለማየት ድንበሩ ላይ ተሰበሰቡ። ከዚያ ሕዝቡ በሺዎች ሆኖ ጠባቂዎቹን ጥሶ ጎሪዚያ ገባ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሱቆች እሁድ ሆኖም ተከፈቱ። ሰዉ ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ገዛ። ከሁሉ በላይ የገዙት መጥረጊያ ነበር፤ እዚያ ማዶ መጥረጊያ ጠፍቶ ነበርና። ማታ መጥረጊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። እስከ ዛሬ በስሎቬንኛ «የመጥረጊያ እሁድ» ይባላል። ሲኞራዬ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። አክስታቸውን ያገኙት ያን ቀን ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ።

---

ትዝታ ከሮም

የኛን አገር ስም አነሳሽ አይደል? ስለሱ እኔ ልጻፍ።

በ1946 ፓሪስ ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ። በ1936 የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት ብለን ሰሚ አጥተን ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ ከአሸናፊዎቹ ወገን ተቀምጠን ጣሊያን ስትፈርም አየን። ይህን ሳነብ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

በአንቀጽ 33 ጣሊያን የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት ታውቃለች፣ ታከብራለች። ካሣው 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ነው የተመደበው። የየካቲት 12ን እልቂት፣ የመርዝ ጋዙን፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ለሚያስብ ሰው ይህ ቁጥር ያንገበግባል። ገንዘቡም ቢሆን ቶሎ አልመጣም። በመጨረሻ በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ተሠራበት።

አንቀጽ 37 ደግሞ አለ። ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋየ ቅድሳት፣ ሰነዶችና ታሪካዊ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ይመለሳሉ ይላል። የአክሱም ሐውልት የተወሰደው በ1937 ነው። ሮም ስመጣ የፋኦ ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘሁት። በየሳምንቱ ሐሙስ ዕረፍቴ ሄጄ አየው ነበር። ሌላ ዘመድ አልነበረኝም። በ2002 መብረቅ መታው። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ በአውሮፕላን ገባ፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ። ውል ተፈረመ ማለት ተፈጸመ ማለት እንዳልሆነ እኔ የተማርኩት ከዚያ ሐውልት ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

ትዝታ ከሮም፣ እያነበብኩ ነው ያለቀስኩት። ግን ኤርትራስ? እሷም በዚህ ውል ነው የተወሰነላት?

---

ነገረ ሕግ

በዚህ ውል ነው፤ ግን አልተወሰነላትም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በአንቀጽ 23 ጣሊያን ሊቢያን፣ ኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን ተወች። ለማን? ውሉ አይልም። አራቱ ኃያላን ውሉ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወስናሉ ይላል። ውሉ የጸናው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1947 ነው። ዓመቱ ሞላ፣ አልተስማሙም። አባሪው እንደሚለው ነገሩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሄደ።

ጉባኤው በ1949 ሊቢያ ነጻ ትሁን አለ። ሶማሊያን ለአሥር ዓመት በሞግዚትነት ለዚያችው ለጣሊያን መልሶ ሰጣት። ኤርትራን በዲሴምበር 2 ቀን 1950 በውሳኔ 390 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን አዋሐዳት። ፌዴሬሽኑ በ1952 ጀመረ፤ በ1962 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን ቤታችን ገብቷል።

የሶማሊያንና የኢትዮጵያን ወሰን ደግሞ ማንም ጉዳዬ ብሎ አልዘጋውም። በ1950 ጣሊያን ስትረከብ ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር ተደረገ። ሶማሊያ በ1960 ነጻ ስትወጣ ያ ጊዜያዊ መስመር እንዳለ ነበር።

ጎሪዚያ ላይ ኃያላኑ ለግማሽ ኪሎሜትር አንቀጽ ጻፉ፤ ለውኃ ምንጭ አባሪ ጻፉ። እኛ አካባቢ ላይ «በኋላ እናየዋለን» ብለው አለፉ። የጎሪዚያ መስመር ያሳምማል። ያልተሠመረው ግን የባሰ ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ።

---

የባሕር በር

ይኸው ነው የኛ ዕዳ! ያኔ የኤርትራ ግዛት ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር። ፌዴሬሽን ብለው አወሳሰቡት።

---

ነገረ ሕግ

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን «ቢሰጥ ኖሮ» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል። እስካሁን በዚህ ገጽ የተወራው ሁሉ ሰው ሳይጠየቅ ስለ «መሰጠት» ነው። ኤርትራም ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም ያኔ። የመጀመሪያው የተደረገው በ1993 ነው።

---

አወያይ

ቤተሰቦች፣ ስለ ባሕር በር ሌላ ክር አለ፤ እዚያ ቀጥሉበት። እዚህ በውሉና በድንበር አሠማመሩ ላይ እንቆይ። ሁለት መልእክት አንስቻለሁ።

---

ቡዳፔስት የተማርኩ

ነገረ ሕግ ካልከው ላይ ልቀጥል። እኔ በነጻ ትምህርት ዕድል ሃንጋሪ ተልኬ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ አገር ሰው ትሪያኖን የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል።

የትሪያኖን ውል የተፈረመው ጁን 4 ቀን 1920 ነው። ሃንጋሪ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች። ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆኑ ሃንጋሪኛ ተናጋሪዎች ከድንበሩ ውጭ ቀሩ። በእርግጥ ከሄደው መሬት አብዛኛው ላይ ስሎቫኮች፣ ሮማኒያውያን፣ ሰርቦችና ክሮአቶች ይበዙ ነበር። የነሱ ነጻነት እውነተኛ ነጻነት ነው። ችግሩ ዳር ዳሩ ላይ ነው። የሃንጋሪና የሮማኒያን ድንበር ካርታ ላይ ብታዩ ሳቱ ማሬ፣ ኦራዲያ፣ አራድ የሚባሉ ከተሞች ከድንበሩ ትንሽ ወደ ሮማኒያ ገባ ብለው ተሰልፈዋል። የሚያገናኛቸው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ሳይቆረጥ ለአንድ አገር ይሁን ተባለ፤ ከተሞቹ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። ሰዉ የሚናገረው ሃንጋሪኛ መሆኑ አላዳናቸውም። ካርታ ወዳድ ቋንቋ አለ። እኔ ደግሞ ባቡር እላለሁ።

በ1921 ሾፕሮን የምትባል ከተማና አካባቢዋ ኦስትሪያ ወይስ ሃንጋሪ ተብለው ተጠየቁ። 65 ከመቶ ሃንጋሪ አሉ። ከተማዋ እስከ ዛሬ «ታማኟ» ትባላለች። ሌላው ሳይጠየቅ ቀረ። ያ ቁጭት ሃንጋሪን ወደ ሂትለር ገፋት። በ1938ና በ1940 ጀርመንና ጣሊያን ቪየና ላይ ከፊሉን መለሱላት። ከዚያ ተሸነፈች። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947፣ ያው ቀን፣ ያው ፓሪስ፣ የሃንጋሪም ውል ተፈረመ። ድንበሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ እንዲያውም ብራቲስላቫ አጠገብ ሦስት መንደር ተጨምሮ ተወሰደ።

ስለዚህ እኔ ለጎሪዚያ መስመር ትንሽ ልከራከርለት። ከ1947 ወዲህ በዚያ መስመር ሰበብ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጦርነት አልተነሳም። ለምን? ሰዎቹ መሻገሪያ ስላገኙ ይመስለኛል። በ1955 ጣሊያንና ዩጎዝላቪያ ኡዲኔ ላይ ተስማምተው በድንበሩ ግራና ቀኝ ለሚኖሩ ሰዎች ልዩ ይለፍ ሰጡ። ቀዝቃዛው ጦርነት ባልበረደበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው! ገበሬው ማሳውን ያርሳል፣ እናት ልጇን ታያለች። መስመሩ አልተነቃነቀም፤ ሰው ግን ተነቃነቀ።

---

ካርታ ወዳድ

በዚህ ልስማማና አንድ ነገር ልጨምር። መስመሩ የጸናው ብዙ ሰው ስለወጣም ነው። ይህን መደበቅ አይገባም።

ውሉ ለዩጎዝላቪያ በተሰጠው ግዛት ያሉ ጣሊያንኛ ተናጋሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የጣሊያን ዜግነት እንዲመርጡ ፈቀደ። የመረጠ ግን እንዲወጣ ሊገደድ ይችላል። የፖላን ነገር ልንገራችሁ። ወደ 32 ሺህ ሰው ነበረባት። በ1947 መጀመሪያ ወራት 28 ሺህ ያህሉ ለቆ ሄደ። ቶስካና የምትባል መርከብ እየተመላለሰች ጫነቻቸው። የቀረችው ከተማ ባዶ ነበረች። ፍርሃትም ነበረበት። በ1943ና በ1945 ብዙ ሰው ተገድሎ ፎይቤ በሚባሉ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓዶች ተጥሏል።

ትሪየስቴ ወደብ ላይ መጋዘን 18 የሚባል አለ። የወጡት ሰዎች አደራ ያስቀመጡት ዕቃ ነበር እዚያ። ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ ድስት፣ የልጅ ደብተር፤ ብዙው ላይ ስም ተጽፎበታል። እኔ ተማሪ ሆኜ ገብቼ አይቼዋለሁ። ወንበሮቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረው ሳይ እግሬ ከዳኝ።

አንዱን ውል ሁለቱ ወገኖች እንዴት እንደሚያስቡት እዩ። ጣሊያን ፌብሩዋሪ 10ን የሐዘን መታሰቢያ አድርጋዋለች። ስሎቬኒያ ሴፕቴምበር 15ን፣ ውሉ የጸናበትን ቀን፣ ምዕራባዊ ግዛቷ ወደ እናት አገሩ የተመለሰበት በዓል አድርጋዋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

---

ቀያሹ

የጎሪዚያዋ ልጄ፣ የሚረኑ መቃብር መሃል የነበረው ሽቦ አሁን የለም አይደል? መቼ ተነሳ? ጊዜ ካገኘሽ ቦታውን እይልኝ። መስመሩ በመቃብሮቹ መሃል በመንገዱ ነው ያለፈው ወይስ በመቃብር ላይ? ለቀያሽ ትልቅ ልዩነት ነው።

---

የጎሪዚያዋ (ከሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ ዛሬ ሄድን። የጎረቤታችን ልጅ በመኪናው አደረሰን። ጣሊያን ከ2023 ወዲህ ቁጥጥር ስለመለሰች መታወቂያ ይዘን ነው የሄድነው። ሲኞራዬ አሮጌውን የ1955 ይለፋቸውንም በቦርሳቸው ይዘው መጡ። ላሻፓሳሬ ይሉታል። ለምን ያዙት ስላቸው፣ «ሚረን ያለሱ ሄጄ አላውቅም ነበር» አሉኝ።

ሽቦው የተነሳው በ1975 ነው፤ በኦዚሞ ውል መቃብሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ዩጎዝላቪያ ሲዞር። የነበረበትን ያሳዩኝ በከዘራቸው ነው። መንገድ ለመንገድ አይደለም ጋሼ። በመቃብር ላይ ነው ያለፈው። የአያታቸው ረድፍ ወዲያ፣ የጎረቤታቸው ወዲህ። ቀብር ሲኖር ሰዉ ከሁለቱም በኩል ሽቦው ጋ ይቆም ነበር አሉኝ። ካህኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ነበር፣ ማዶ ያሉት እንዲሰሙ።

አበባውን አስቀመጥን። ሻማውን ነፋሱ ሁለቴ አጠፋብን፤ በሦስተኛው ያዘ። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ነገ እልካለሁ።